የብክለት ፍርሃት በበዓል ሰሞን፦ ታማሚውም ቤተሰቡም የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

በዓል ማለት ንክኪ ነው። ዶሮው በጓሮ ይታረዳል፤ እንግዳው እየተሳሳመ ይገባል፤ ሁሉም ከአንድ መሶብ ይቆርሳል፤ ጉርሻ በሌላ ሰው ጣት ወደ አፍ ይመጣል። ከብክለት ፍርሃት ጋር የተያያዘ ኦሲዲ (ሳይፈልጉት የሚመላለስ ሐሳብና እሱን ለማስታገስ የሚደጋገም ድርጊት ያለበት የአእምሮ ሕመም) ላለበት ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲሸሸው የኖረው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ተሰብስቦ ደጁ ላይ ይቆማል።

የበሽታው አሠራር ቀላል ነው። «ተበከልሁ፤ ልጆቼንም በከልሁ» የሚል ሐሳብ ሳይጠሩት ይመጣል። ጭንቀቱን ለማስታገስ መታጠብ፣ መወልወል፣ መጠየቅ ወይም መሸሽ ይከተላል። ማስታገሻው ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ ጣጣውም እሱ ነው፤ ስለሠራ ነገም ይደገማል። ይህ ነገር በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ወይም ኑሮን የሚያውክ ሲሆን ሐኪሞች በሽታ ይሉታል።

ጽዳቱን በበዓል ማሳበብ

ለእንቁጣጣሽም ለፋሲካም ምንጣፍ ይራገፋል፤ መጋረጃ ይታጠባል፤ ቄጤማ ሊጎዘጎዝ ነውና ወለሉ ይፈገፈጋል። በዚህ ግርግር ውስጥ በሽታውን ማንም አያየውም። እንዲያውም «እንዴት ያለች ባለሙያ ናት» ተብሎ ይመሰገናል። ልዩነቱ የሚታየው ማቆሚያው ላይ ነው። ሌላው ሰው ወለሉ ሲጸዳ ያቆማል፤ ታማሚዋ ግን የምታቆመው ውስጧ «አሁን በቃ» ሲላት ነው፤ እሱ ደግሞ ቶሎ አይላትም። ስለዚህ ማቆሚያው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይወሰን፦ ወጥ ቤቱ ሐሙስ ከሰዓት፣ አንድ ጊዜ፣ በተለመደው ሳሙና።

«አንዱ ካልገደለው ሌላው ይገድለዋል» ብሎ በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር የሚቀላቅልም አለ። ይህ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል።

ዶሮውን «ውኃው እስኪጠራ» ማጠብ

የዶሮ ነገር ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ባህሉ ራሱ ብዙ ማጠብን ያዛል። ላባው ይነጫል፤ በእሳት ይለበለባል፤ በአሥራ ሁለት ብልት ይበለታል፤ በሎሚና በጨው ይታሻል፤ ከዚያም ውኃው እስኪጠራ ይለቀለቃል። ለሌላው ሰው ይህ ሙያ ነው። የብክለት ፍርሃት ላለባት ግን «እስኪጠራ» የሚለው ትእዛዝ ድንበር የለውም፤ መጥራት አለመጥራቱን የሚፈርደው ዓይኗ ሳይሆን ጭንቀቷ ነውና። አማት ከጎን ቆማ «ገና ይሸታል» ካለች ደግሞ ነገሩ አበቃ።

ዶሮ መሥራትን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ለዛሬ ያሳርፋል፤ ለከርሞ ግን ፍርሃቱን ያገዝፋል። የሚሻለው አንዲት የምትታመን ባለሙያን አስቀድሞ «በስንት ውኃ ነው የምታጥቢው?» ብሎ መጠየቅ፣ ቁጥሩንም ጽፎ መያዝ ነው። ቁጥሩ ሲሞላ፣ ጥርጣሬው ቢኖርም፣ ዶሮው ወደ ድስቱ ይገባል። በነገራችን ላይ ጀርም የሚገድለው ሎሚው ሳይሆን እሳቱ ነው። እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎች የሥጋው መሐል 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይሞታሉ፤ ሲንተከተክ የዋለ ዶሮ ወጥ ይህን ያልፋል። ጥሬ ዶሮን አብዝቶ ማጠብ እንዲያውም ፍንጣቂውን በአጠገቡ ወዳለው ሰሃን ያደርሳል። እጅንም በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ አንድ ጊዜ መታጠብ በቂ ነው። ይህን እውቀት በየአምስት ደቂቃው ለራስ መደጋገም ግን ያው መታጠብ ነው፤ በውኃ ፋንታ በሐሳብ ሆነ እንጂ።

ለእያንዳንዱ «ታጥበሃል?» መልስ መስጠት

ይህ የቤተሰብ ስህተት ነው፤ ከፍቅር የሚመጣ ስለሆነ ለማረም ያስቸግራል። እናት «ሽንኩርቱን ስትልጥ እጅህን ታጥበህ ነበር?» ትላለች። ልጅ «አዎ፣ እማዬ» ይላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ «በሳሙና ነው?» ትላለች። እሱም በሳሙና እንደሆነ ይምላል። እያንዳንዱ መሐላ ቀጣዩን ጥያቄ ይወልዳል። ሰላም በሆነ ቀን፣ እናትየው ራሷ ተስማምታ፣ አንድ መልስ ቢዘጋጅ ይሻላል፦ «እማዬ፣ ይህን የጠየቀኝ ጭንቀቱ ነው፤ ለእሱ አልመልስም፤ ነይ ቡናው አጠገብ አብረን እንቀመጥ።» ሳይስማሙ በድንገት ዝም ማለት ግን ጭካኔ ነው፤ ጠብም ያስነሣል።

የሚያስፈራው ጀርም ያልሆነባቸውም አሉ። አንዱ ለፋሲካ ሊቆርብ ሲል «ረክሻለሁ» ብሎ የንስሐ አባቱን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ሌላው ለዒድ ሶላት ሲሄድ ውዱእ አድርጎ ሳይጨርስ እንደገና ይጀምራል። እዚያም ሕጉ አንድ ነው፦ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ መልሱ ይያዛል።

ጉርሻን መድኃኒት ማድረግ

«ሲለምደው ይተወዋል» የሚል አጎት በየቤቱ አይጠፋም። እጁን ይዞ ያጎርሳል፤ ቤቱ ይስቃል፤ ታማሚው ይውጣል፤ ከዚያም መታጠቢያ ቤት ገብቶ አፉን በሳሙና ያሻል። አጎት ተሳክቶለት የተመለሰ ይመስለዋል።

አጎት የሰማው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ቪክተር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ሥራ ታማሚዎች የሚፈሩትን ነክተው ሳይታጠቡ እንዲቆዩ ማድረግ እንደሚረዳ አሳይቷል። ዛሬ ለኦሲዲ ከሚሰጡ የንግግር ሕክምናዎች ይበልጥ የሚታመንበት የዚያ ልጅ ነው። ነገር ግን የሚነካውን የሚመርጠው ታማሚው ራሱ ነው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል፤ የሕክምናውም እምብርት ከነካ በኋላ አለመታጠቡ ነው። አጎት ከእነዚህ አንዱንም አላሟላም። ለዚህ በዓል የእህት ጉርሻ ብቻ ከተመረጠ የእህት ጉርሻ ብቻ ይሁን።

መቅረት፣ ወይም ተገኝቶ መደበቅ

«ሥራ አለብኝ» ብሎ መቅረት ግልጽ ሽሽት ነው። ሄዶ የራስን ማንኪያ ከቦርሳ ማውጣት፣ ከመሶቡ ጥግ ብቻ መቁረስ፣ ከእያንዳንዱ ሰላምታ በኋላ በሳኒታይዘር ማሸት ደግሞ ስውሩ ነው። አራት ሰዓት ተደብቆ ከመቆየት አንድ ሰዓት ሙሉ በሙሉ መሳተፍ ይሻላል።

ጥንቃቄን ሁሉ በሽታ ማለት

ጥሬ ሥጋ አልበላም ያለ ሰው አልታመመም፤ የኮሶ ትል እውነተኛ ነው። የታመመው ሥጋው በተቆረጠበት ክፍል ሳምንት ሙሉ መግባት ያቃተው ነው።

ለጾሙና ለጠበሉ ሲባል መድኃኒት ማቋረጥ

ለኦሲዲ የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የተባሉ ክኒኖች በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ፣ ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያው ማዛወር ይቻላል። በድንገት መተው ግን ማዞርና መነጫነጭ ሊያመጣ፣ በሽታውንም ሊያገረሽ ይችላል። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን በተመለከተ በግልጽ ተናግረው ነበር፤ ለዚህኛው ክኒን ሌላ ሕግ የሚያወጣ ለምን እንደሚኖር አይገባኝም። ከጠጅና ከአረቄ ጋር ግን ይጣላሉ፤ መጠጥ የክኒኑን ማደንዘዝ ያብሳል፤ በማግስቱም ጭንቀቱን ያከፋዋል።

መድኃኒቱ ለኦሲዲ ውጤቱን ለማሳየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ በሕማማት ተጀምሮ ለትንሣኤ አይደርስም። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወደ ስምንት ሳምንት ይጠጋሉ፤ ለፋሲካ የሚያስብ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው የአካባቢው ሆስፒታል መሄድ ያለበት ቅበላ ላይ ነው።