ለእናት የሚሰፋ ካፖርት፦ ሙቀቱ ያለው ገበሩ ላይ ነው

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። እናት ደግሞ ውርጭ ሆነ ብላ ኪዳን አትቀርም፤ ሹራብ በሹራብ ደርባ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ለእንደዚህ ዓይነቷ እናት ገበር ያለው የሱፍ ካፖርት ቤት ውስጥ መስፋት ይቻላል። ቀጥ ያለ ስፌት የምትሰፉ ከሆነ፣ መኪናችሁ በእግር የሚረገጠው አሮጌ ሲንጀር ቢሆንም እንኳ፣ አያቅታችሁም። ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ሜትር ከማንሳታችሁ በፊት ለብሳው ምን እንደምታደርግ አስቡ። ከሱቅ ከሚገዛው የሚበልጠውም በዚህ ነው። ከላዩ ነጠላ ትደርብበታለች፤ ስለዚህ ኮሌታው ትንሽና የተኛ ይሁን፣ ትከሻው ላይም ወፍራም ስፖንጅ አታስገቡ። ትሰግድበታለች፤ ከኋላ በታች በኩል ስንጥቅ ከሌለው ጉልበቷን ይይዛታል። ርዝመቱ ከጉልበት ትንሽ ወረድ ቢል ይበቃል፤ ቁርጭምጭሚት ከደረሰ በርጩማ ላይ ቁጭ ስትል መሬቱን ይጠርጋል። ጣት በብርድ ሲደነዝዝ ትንሽ ቁልፍ አይቆለፍም፤ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትልቅ ቁልፍ ፈልጉ።

ልክ ስትወስዱ ሹራቧን አታስወልቋት። ካፖርቱን የምትለብሰው በእሱ ላይ ነውና በእሱ ላይ ለኩ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ ትከሻ፣ የክንድ ውፍረት፣ እጅጌውን ደግሞ ክርኗን አጠፍ አድርጋ። ደረቱ ላይ ካገኛችሁት ልክ ሌላ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ጨምሩበት። ብዙ ይመስላል፣ ግን ወፍራም ጨርቅ ራሱ ከውስጥ ቦታ ይበላል። ከዚያ ሜትሩን ጀርባዋ ላይ ከብብት ብብት ይዛችሁ ሁለት እጇን ወደፊት ትዘርጋ፤ የጨመረው ልክ ካፖርቱ ጀርባው ላይ ምን ያህል መላወሻ እንደሚያስፈልገው ይነግራችኋል።

ጨርቁን መርካቶ ስትገዙ ጨበጥ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ጥሩ ሱፍ ተጨማዶ አይቀርም። ንጹሕ ሱፍ ዋጋው ካልተቻለ ሱፍ የበዛበት ድብልቅ አይከፋም። ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር፣ ለገበሩ ደግሞ 2.5 ሜትር ገደማ ይዛችሁ ግቡ። ሌላም መንገድ አለ፣ ሳልቫጅ፣ ማለትም ተለብሶ የመጣ ልብስ። ትልቅ የወንድ ካፖርት ገዝታችሁ ብትፈቱት ሱፉም ቁልፉም ይወጣላችኋል፤ ርዝመቱ ለእናታችሁ መብቃቱን ብቻ ቀድማችሁ አረጋግጡ። እኔ ለጀማሪ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ስትፈቱት ውስጡ በምን ቅደም ተከተል እንደተሠራ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አዲሱን ሱፍ ከመቁረጣችሁ በፊት እርጥብ ጨርቅ ከላይ አድርጋችሁ በካውያ እንፋሎት አስመቱትና ዘርግታችሁ አድርቁት። መሰብሰብ ያለበት አሁን ይሰብሰብ፤ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ከተሰበሰበ ገበሩ ከታች ብቅ ይላል። ካውያውን በቀጥታ አታሳርፉበት፣ ሱፉ ያብረቀርቅና ምልክቱ ይቀራል። በመዳፋችሁም ዳሰስ አድርጉት፤ ጸጉሩ ወደ አንድ በኩል ይተኛል። ሁሉም ቁራጭ ጸጉሩ ወደ ታች ይሁን። አንዱ ከተገለበጠ ፀሐይ ላይ ሌላ ቀለም ይመስላል።

መጀመሪያ ግን በአቡጀዲ ስፉት። እጅጌውን ጨምሮ ሰፋ ባለ ስፌት አገጣጥሙት፣ ከሹራቧ በላይ አልብሷት፣ በስፒል አስተካክሉ፣ ጎንበስ ቀና ትበልበት። ሲስማማት ፈታችሁ ሱፉን የምትቆርጡበት ቅድ አድርጉት። አቡጀዲ ርካሽ ነው፣ ሱፍ ውድ ነው፤ ይህን ደረጃ ባትዘሉት ደስ ይለኛል።

ለሱፉ 16 ቁጥር መርፌ፣ ለገበሩ 11 ቁጥር ይሻላል። የስፌቱ እርምጃ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለስፌት የሚተወው ዳር 1.5 ሳንቲ ሜትር። ቁልፉ የሚመጣበት የፊት ክፍል፣ ኮሌታውና የኪሱ አፍ በካውያ የሚጣበቅ ማጠንከሪያ ጨርቅ ይለጠፍባቸው። ኪሱን ቀድማችሁ ሥሩ፣ ቁራጩ ገና ጠፍጣፋ እያለ ይቀላል። ቀጥሎ ትከሻ፣ ጎን፣ ኮሌታ፣ እጅጌ። የኮሌታው የታች ጨርቅ ከላይኛው በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ ያኔ ስፌቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ኮሌታውም አይገለበጥም። የእጅጌው አናት ዙሪያው ከሚሰካበት ክብ ትንሽ ይበልጣል፤ ሁለት መስመር ልል ስፌት ሰፍታችሁ ክሩን ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ በእንፋሎት አሟሹት፣ ሱፍ ስለሆነ ትርፉን ይውጠዋል።

አንድ ስፌት በሌላ ስፌት ከመሻገሩ በፊት ተከፍቶ መተኮስ አለበት። ሁሌ። እንፋሎቱ እንደመታው ልሙጥ እንጨት ጫን አድርጋችሁበት እስኪቀዘቅዝ ያዙት፣ ስፌቱ ቢላ የመሰለ ሆኖ ይተኛል።

አሁን ገበሩ። የሚያንሸራትት ጨርቅ ይሁን፣ በተለይ እጅጌው፤ ጥጥ ከሆነ ሹራቡን እየያዘ እጅጌዋን ወደ ላይ ይሰበስብባታል። ብዙ ሰው ገበሩን ልክ እንደ ላዩ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ካፖርቱም ጀርባ ላይ የሚወጠረው፣ ብብት ላይ የሚተረተረው በዚህ ነው። ገበር አይለጠጥም፣ ስለዚህ ትርፍ ይፈልጋል። ጀርባው መሐል ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ጨምሩና ከአንገት እስከ ታች እንደ እጥፋት ይተኛ፤ ከአንገቱ ሥርና ከወገቡ ላይ ብቻ ትንሽ በስፌት ያዙት። እጇን ስትዘረጋ እጥፋቱ ይከፈታል፣ ስትመልስ ይዘጋል። ብብቱ ሥርም ገበሩ ከላዩ በ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይቆረጥ፣ የሱፉ ስፌት እዚያ ቆሞ ስለሚቀር ገበሩ በላዩ ማለፍ አለበት።

ለደብረ ብርሃን ብርድ ሱፍና ገበር ብቻውን አይበቃም እላለሁ። በመሐላቸው ስስ ፍላኔል አስገቡ፣ ጀርባና ደረት ላይ ብቻ። የመንዝ ባና ለዚህ ይወፍራል። ፍላኔሉ እጅጌ ውስጥ ከገባ ደግሞ ክንዷ አልታጠፍ ይላል። ፍላኔሉን ከገበሩ ቁራጭ ጋር ዳር ዳሩን አያይዛችሁ እንደ አንድ ጨርቅ ስፉት፣ የመሐሉን እጥፋት ግን ሳታፍኑት። ገበሩ ከሱፉ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በግራ ደረት በኩል የውስጥ ኪስ ይሠራበት፤ ብሯን መቀነቷ ላይ ለምትቋጥር እናት ይህ ኪስ ትልቅ ነገር ነው።

ከፊት ወደ ውስጥ የሚዞረው ጨርቅ ከሱፉ ይቆረጣል፣ ገበሩም ከእሱ ጋር ነው የሚሰፋው። ሁለቱን አገናኝታችሁ በፊትና በአንገት ዙሪያ ከላዩ ጋር በመኪና ስፉት። የታቹን ክፍት ተዉት። ከዚያ ትከሻና ብብት ላይ ገበሩን ከሱፉ ስፌት ጋር በእጅ በልል ክር ያዙት፣ ያለዚያ እጅጌው ሲወልቅ ገበሩ ተጎትቶ ይወጣል። ታቹን ከማጠፋችሁ በፊት ካፖርቱን ሰቅላችሁ አሳድሩት፤ ሱፍ በክብደቱ ይወርዳል። በማግሥቱ ከመሬት በሜትር እየለካችሁ ምልክት አድርጉ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ በእጅ ስፉ። የገበሩ ጫፍ ከሱፉ ጫፍ በ2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጠር፣ እላዩ ላይም ትንሽ ልል እጥፋት ይኑረው። የኋላ ስንጥቁንና የእጅጌውን ጫፍም እንዲሁ በእጅ ጨርሱ።

የሴት ካፖርት ቀኙ በግራው ላይ ነው የሚቆለፈው፤ ቀዳዳው በቀኝ ይሁን። ቁልፉን ስትሰፉ የክብሪት እንጨት በቁልፉና በክሩ መሐል አስገቡ። ሲያልቅ እንጨቱን አውጡ፣ ቁልፉን ወደ ላይ ሳቡት፣ ከሥሩ ያለውን ክር በራሱ በክሩ ጠምጥሙት። ወፍራም ጨርቅ የሚቆለፈው እንደዚህ ቁመት ሲኖረው ነው። ከጀርባው በኩል ትንሽ ጠፍጣፋ ቁልፍ አብራችሁ ብትሰፉ ሱፉ አይቀደድም።

ሲያልቅ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። አቧራውን በብሩሽ ወደ ጸጉሩ አቅጣጫ አራግፉ፣ ከዘነበበትም ከእሳት አርቃችሁ ሰፊ ማንጠልጠያ ላይ አድርቁት። ከላዩ የተረፈውን ቁራጭ ሱፍና አንድ መለዋወጫ ቁልፍ በትንሽ ፌስታል አድርጋችሁ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ክተቱላት።