የሩቅ በረዷማ አካላትን ገጽ ከጎንደር ሆኖ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

ከኔፕቲዩን ማዶ፣ ምድር ከፀሐይ ከምትርቀው ከ30 እስከ 50 እጥፍ በሚደርስ ርቀት ላይ፣ የኩይፐር ቀበቶ የሚባል በረዷማ ትንንሽ አካላት የሚዞሩበት አካባቢ አለ። ገጻቸውን በግል ቴሌስኮፕ ማየት አይቻልም፤ ነገር ግን ጎንደር ተቀምጦ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ሰው ከእነርሱ የመጣውን ብርሃን ራሱ መመርመር ይችላል።

በቅድሚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የፋሲልን ግንብ ይመልከቱ። በቀትር ቡናማ የነበረው ድንጋይ ቀላ ብሎ ይታያል፤ የተለወጠው ግን ድንጋዩ ሳይሆን የሚያርፍበት ብርሃን ነው። ያው ብርሃን የሚያርፍበትን ነጭ ወረቀት አብረው ፎቶ ቢያነሱ (ስልኩ ቀለሙን በራሱ እንዳያስተካክል አድርገው)፣ ከወረቀቱ መቅላት ተነሥተው የድንጋዩን የራሱን ቀለም መለየት ይችላሉ። የሩቁ በረዶ ጥናትም የሚቆመው በዚሁ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ሙከራ መዝለል አልመክርም።

ቀጥሎ መረጃውን ያውርዱ። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2015 በፕሉቶና በጨረቃው በካሮን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ደግሞ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመውና የዚሁ ቀበቶ አካል በሆነው በአሮኮት አጠገብ ስታልፍ የሰበሰበችው ልኬት በናሳ የፕላኔቶች መረጃ ማከማቻ በነጻ ይገኛል። ፋይሎቹ ከባድ ናቸውና መብራት ቢቋረጥ ካቆመበት በሚቀጥል ፕሮግራም ማውረድ ይሻላል።

ዋናው ሥራ ማካፈል ነው። ከአካሉ የመጣውን የብርሃን መጠን በእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት (ብርሃን በቀለም የሚለይበት ልክ) ለፀሐይ ብርሃን ያካፍሉ፤ የፀሐይ ብርሃን እዚህ የነጩን ወረቀት ቦታ ይይዛል፤ ልኬቱ ከምድር የተወሰደ ከሆነ ግን አካፋዩ በዚያው ሌሊት፣ ሰማይ ላይ በተቀራራቢ ከፍታ ሳለ የተለካ ፀሐይን የሚመስል ኮከብ ይሁን፤ ይህ የከባቢ አየራችንንም ተጽዕኖ በአብዛኛው ያስወግዳል። ውጤቱን በግራፍ ሲነድፉ 1.5 እና 2.0 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) አካባቢ ሰፋ ያሉ ጉድጓዶች፣ ማለትም ብርሃኑ የተዋጠባቸው ዝቅ ያሉ ቦታዎች፣ ከታዩ የውኃ በረዶ አለ ማለት ነው፤ 1.65 ላይ ቀጭን ጉድጓድ ከተጨመረ ደግሞ በረዶው ክሪስታል ሆኗል፤ ማለትም ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል። እነዚህ ምልክቶች በካሮን ላይ ጎልተው ስለሚታዩ መጀመሪያ በእርሱ ይለማመዱ።

ከዚያ ወደ አሮኮት ይሂዱ። ቀይ ነው፤ ጨረር እንደ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ያሉ በረዶዎችን ሲመታ ቀያይ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ሜታኖልም በገጹ ላይ ተገኝቷል። ቅላት ብቻውን ግን የትኛው ውህድ እንደሆነ አይለይም። የውኃ በረዶ ምልክት በግልጽ ካላገኙ ማስታወሻዎ ላይ «የለም» ሳይሆን «አልታየም» ብለው ይጻፉ፤ የሚደርሰን ብርሃን የነካው ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ ነውና።