ዊልቸር የምትጠቀም ሴትን ለጡት ምርመራ እንዴት እንደምንወስድ

በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። እግር አልሄድ ማለቱ ጡትን ከዚህ አያድንም። ይህን የምለው እህቴን ለእግሯ ስንት ዓመት ሐኪም ቤት ሳመላልሳት ስለ ጡቷ አንድም ቀን ጠይቄ ስለማላውቅ ነው። ሐኪሞቹም አላነሱት። 50 ዓመት ሲሞላት ነው የባነንኩት።

መጀመሪያ ስልክ ደውሉ። ግን "ዊልቸር ይገባል?" ብላችሁ እንዳትዘጉት። እኔ የተሸወድኩት እንዲያ ብዬ ነው። "ኧረ ይገባል!" አሉኝ። እውነትም ገባ። ራምፕ (ደረጃ የሌለው ዘንበል ያለ መውጫ) አለው፣ በሩም ሰፊ ነው። የመመርመሪያው አልጋ ግን ደረቴ ድረስ ይደርሳል። እኔና ጥበቃው ብብቷን ይዘን ስናነሳት ልታመልጠን ሆነ፤ ለጥቂት ተረፈች። ትከሻዋ ሳምንት ሙሉ አመማት። ሳትመረመር ተመለስን። እንደገና እሺ እስክትለኝ ስምንት ወር ፈጀ።

ስለዚህ የሚጠየቀው አልጋው ነው። ዝቅ ይላል? ካላለ፣ ዝቅ ያለ አልጋ ያለው የትኛው ክፍል ነው? ሐኪሙስ እዚያ ይመጣል? ማሞግራም (የጡት ራጅ) ከታዘዘ፣ ማሽኑ ለተቀመጠ ሰው ይወርዳል? የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያዛል። አብዛኛው ሰው ግን ራምፕ ሲሠራ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

በጤና መድን የምትታከም ከሆነ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ። የወር አበባ የምታይ ከሆነ አበባዋ ከመጣ ሳምንት ካለፈው በኋላ ይሁን፤ ጡቷ ያን ያህል አያማትም። ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ትልበስ። ለማሞግራም ከሆነ ዲዮድራንት አትቀባ።

የጎንደርን ዳገትና ኮብልስቶን በዊልቸር መግፋት ጀግንነት አይደለም፣ ድካም ነው። የሚታጠፍ ዊልቸር ያዙና ከባጃጅ ሹፌር ጋር ከማታው ተስማሙ።

አሁን ወደ አልጋው። ዘዴውን ያሳየን አንድ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነው። ዊልቸሩን በጠንካራ እጇ በኩል ከአልጋው ጋር ሰያፍ አድርጋችሁ አስጠጉ። ፍሬኑን ቆልፉ። የክንድ ማሳረፊያው የሚነቀል ከሆነ ንቀሉት። ከዚያ አንዱ ከኋላ፣ ሌላው ጉልበቷ ዘንድ ይቁም። የሚያዘው ወገቧ ነው፤ እጅና ብብት አይጎተትም። እኛ ጋቢ አጥፈን ከመቀመጫዋ ሥር አሳለፍንና በእሱ አሸጋገርናት። ከነጋዴ የተገዛ ማንሻ ቀበቶም አለን፤ ጋቢው ይሻላል። መቼ እንደምትነሳ የምትቆጥረው እሷ ትሁን። "አንድ፣ ሁለት" ስትል ነው የምታነሷት።

"ተቀምጣ ብትዳበስ ይበቃል" ካሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። ስትተኛ ጡቱ ይሳሳል፣ እብጠት ካለ በእጅ ለመለየት ይቀላል። ጭራሽ መተኛት ካልቻለች ጀርባዋን ደገፍ አድርጋችሁ ጋደም ትበል። ብብቷም ይዳበስ። ክራንች የምትጠቀም ከሆነ ብብቷን የሚፈገፍጋት እሱ መሆኑን ለሐኪሙ ትንገረው።

ልብስ ስታወልቅ እኛ ቤተሰቦች ፊታችንን እናዙር፣ ወይም እንውጣ። ሴት ሐኪም ከፈለገችም ትጠይቅ። የእህቴ ሐኪም "ወር አበባ ታያለች?" ብሎ የጠየቀው እኔን ነበር። "ጌታዬ፣ የማይሠራው እግሬ ነው፤ ምላሴ ደህና ነው" አለችው። ከዚያ በኋላ እኔን ዞሮም አላየኝ።

መስማት ለተሳናት ሴት ደግሞ አስተርጓሚ ቀድሞ ይያዝ፣ ቢቻል ሴት። "ትንፋሽሽን ያዢ" የሚለው ምልክት ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ይለመድ።

ውጤቱን ፎቶ አንሱት፣ ቀጠሮው በእሷ ስልክ ይመዝገብ። ከመውጣታችሁ በፊት ዝቅ ያለው አልጋ ያለበትን ክፍል ቁጥር ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ካርድ ክፍል ብትጠይቁ የሚያውቀው አታገኙም።