መስቀል አለፈ፣ ውርጩ ደረሰ፦ በእንጨት የሚሞቅ ቤት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ደብረ ብርሃን ላይ መስቀል ካለፈ በኋላ ሰማዩ ይጠራል። የቀኑ ፀሐይ ደስ ይላል። ማታ ግን ደመና ስለሌለ ምድሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቀዋል። ጠዋት ስንወጣ ሣሩ ነጭ ሆኖ እናገኘዋለን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ብርዱ ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ። «ጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ብርዱን ያውቁት ነበር። አጥንቱ ለሰውነት ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ቤቱ ነው።

የእኛ ቤት በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ሳሎኑን የሚያሞቀው ብየዳ ቤት ያሠራነው የላሜራ ምድጃ ነው። ቱቦው በጣራው በኩል ይወጣል። ቤት ሲጨስ ብዙ ሰው ምድጃውን ይወቅሳል። እኔ ግን እስካሁን ካየሁት፣ ጥፋቱ የምድጃው የሆነው ከስንት አንዴ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ እንጨቱን፣ ቀጥሎ ቱቦውን እዩ።

እንጨቱ ሽሽ ይላል፣ ጫፉ አረፋ ይደፍቃል፣ እሳቱ አይነሳም

ምክንያቱ ውሃ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ገደማው ውሃ ነው። ጥሩ ማገዶ ግን ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ስታነዱ እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃውን ማፍላት ነው። ለእናንተ የሚተርፈው ሙቀት ትንሽ ነው፤ የሚበዛው ጭሱ ነው።

ሻጩ ሁሌም «ደረቅ ነው» ይላል። ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ፍልጥ ብዙ ነው። ስለዚህ አንዱን አስፈልጡና የውስጡን ፊት ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። ቀዝቀዝ ብሎ እርጥበት ከተሰማችሁ አልደረሰም። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ አጋጩ። ደረቁ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድፍን ያለ። የደረቀ እንጨት ጫፉ ላይ የፀሐይ ጨረር የመሰሉ ስንጥቆችም ይታዩበታል።

ትክክለኛው መፍትሄ ቀድሞ መነሳት ነው። በበጋው፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ገዝታችሁ ፍለጡት። ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ አይቀበልም፤ እርጥብ ሳለ ነው የሚፈለጠው። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ድንጋይ ወይም አጣና ላይ ደርድሩት። ከላይ ቆርቆሮ አልብሱት፣ ጎኑን ግን ክፍት ተዉት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልዬው ነበር። ዝናቡ አልገባም፤ ግን የራሱ ላብ መውጫ አጥቶ መስከረም ላይ ስከፍተው ሻግቶ ጠበቀኝ።

አሁን ጊዜው ካለፈባችሁስ? ፍልጡን የእጅ አንጓ እስኪያክል አሳንሱት። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ማታ አስገቡት። የጥቅምት ፀሐይና ነፋስ ብዙ ይረዳል። ምድጃው ላይ ደርድሮ ማድረቅ ግን አይሞከርም፤ እሳት ይነሳል። ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት። ወይራ ካገኛችሁ ከባሕር ዛፉ ጋር ደባልቁት፤ ፍሙ ቶሎ አይከስምም።

ምድጃው ሲከፈት ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል

እዚህ ላይ ምክንያቱ ብዙ ስለሆነ አንድ በአንድ እንየው።

ጭሱ የሚመለሰው ገና ሲለኮስ ብቻ ከሆነ ቱቦው ቀዝቅዟል ማለት ነው። ጭስ ወደ ላይ የሚወጣው ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ሲቀል ነው። ቱቦው አድሮ ሲበርድ ቀዝቃዛው አየር እንደ ክዳን ይቀመጥበታል። አንድ ገጽ ጋዜጣ ጠቅልሉና ቱቦው አፍ ሥር አንድዱት። ሁ ብሎ ሲስብ ስትሰሙ ጭራሮውን ለኩሱ።

ሁልጊዜ የሚመለስ ከሆነ ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ ሳይነድ የቆየ ቱቦ ውስጥ ወፍ ጎጆ ትሠራለች። ጥቀርሻም ከዝገት ጋር ተደባልቆ ይረግፋል። ቱቦውን ፍቱትና ፀሐይ ላይ በአንዱ ጫፍ ተመልከቱ። ከዚያ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጆንያ አስራችሁ ጥረጉት። አፍና አፍንጫችሁን መሸፈን አትርሱ።

ንጹሕ ሆኖም የሚመልስ ከሆነ ርዝመቱን እዩ። ቱቦው ጣራውን ከሚበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት። በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም ነገር ደግሞ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር መብለጥ አለበት። የጎረቤት ግንብና ዛፍ ሁሉ ይቆጠራል። ነፋስ ከእነዚህ ጋር ተጋጭቶ ጭሱን ወደ ታች ይገፋዋል። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ መሳቡም ደካማ ነው፤ ትንሽ ማርዘም አይጎዳም። ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ግን አታብዙ። ሁለት ከበቂ በላይ ነው።

የመጨረሻው ምክንያት አየር ማጣት ነው። ብርድ ፈርተን በሩንም መስኮቱንም ጥርቅም አድርገን ዘግተን እሳቱ ከየት ይተንፍስ? መስኮቱን ጣት በሚያስገባ ያህል ክፈቱ። ጭሱ ወዲያው ከቆመ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በቱቦው መገጣጠሚያ ጥቁር ፈሳሽ ይወርዳል

ሬንጅ ይመስላል፣ ይሸታል፣ ግድግዳውን ያበላሻል። እርጥብ እንጨት በዝግታ ሲነድ ያልተቃጠለው ጭስ ከቀዝቃዛው ቱቦ ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው ነው። ማታ ምድጃውን አፍኖ ማሳደርም ይህንኑ ያመጣል። ኩበትም እንዲሁ ቀስ ብሎ እየጨሰ ሲነድ ቱቦውን ቶሎ ያጠቁረዋል።

ወደ ውጭ መንጠባጠቡ ግን የአገጣጠም ስህተት ነው። የላይኛው ቱቦ ጫፍ በታችኛው ውስጥ መግባት አለበት። ያኔ ፈሳሹ በውስጥ ወርዶ ምድጃው ላይ ይቃጠላል። ብዙ ባለሙያ ውኃ ከላይ እንዳይገባ በሚል ገልብጦ ይገጥመዋል። ስታሠሩ አጠገቡ ቁሙ።

ሽታውን ታግሶ መቀመጥ አይበጅም። ያ ጥቁር ነገር ራሱ ይነዳል። ሲቀጣጠል ቱቦው እንደ መኪና ሞተር ያጓራል፣ ላሜራው ይቀላል። ቱቦው ኮርኒስና የጣራ ማገር አጠገብ ካለፈ ቤት ይበላል። እንዲህ ከሆነ የምድጃውን አየር ዝጉ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ እርዳታ ጥሩ። ውሃ አታፍስሱበት። አስቀድሞ መከላከል ይሻላል፦ ቱቦው ከሚነድ ነገር ቢያንስ 45 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ ኮርኒሱን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሰፊ ላሜራ ይደረግለት። በብርዱ ወራት ደግሞ በየወሩ ይጠረግ።

ሁሉም ሰው አንድ ላይ ራሱን አመመው

ይህን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱ ቅር አይለኝም።

የዛሬ አራት ዓመት ኅዳር ላይ ነው። እሳቱ ፍም ብቻ ቀርቶ ነበር። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብዬ የቱቦውን መዝጊያ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ሌሊት እማዬን ራሷን ያዛት። እህቴን አቅለሸለሻት። ምች መስሎን ዳማከሴ ልንጨምቅ ስንነሳ የእኔም ጉልበት ከዳኝ። ያባነነኝ የሦስታችንም በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው። በሩን ከፍተን ወጣን። ውጭ፣ ውርጩ ላይ ቆመን ቀስ በቀስ ቀለል አለን። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድን። ዛሬም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ኦክስጅን የሚይዝበትን ቦታ ቀድሞ ይይዘዋል። አንድ የተለመደ አሳሳች እምነት አለ፤ «ከሰሉ ውጭ ጨሶ ፍም ከሆነ በኋላ ቢገባ ችግር የለውም» ይባላል። ሐሰት ነው። የሚታየው ጭስ ነው የቆመው። መርዙ ከፍሙ በብዛት ይወጣል። በየዓመቱ በብርድ ወራት ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦች ወሬ የምንሰማው ለዚህ ነው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጎዳሉ።

መፍትሄው ድርድር የለውም። የከሰል ማንደጃ በተኛችሁበት ክፍል አይደር። ቡና ሲፈላ እንኳ መስኮት ይከፈት። ምድጃው ውስጥ ፍም እስካለ ድረስ የቱቦው መዝጊያ ሙሉ በሙሉ አይዘጋ። እኔ መዝጊያው ላይ ሰፊ ቀዳዳ አስበስቼበታለሁ፤ ብረሳውም እንኳ መተንፈሻ ይኖረዋል። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሽቶና ከጫማ በፊት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ አስልኩ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው። መኝታ ክፍል ስቀሉት።

አልነቃ ያለ ሰው ካያችሁ በሩን ከፍታችሁ ቶሎ ወደ ውጭ አውጡት፤ እናንተም ውስጥ አትቆዩ። ወተት አጠጥቶ መጠበቅ አያድንም። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው፣ እሱም ያለው ሆስፒታል ነው።

ዝናብ የለም፣ ጣራው ያንጠባጥባል

ጥቅምት ላይ ቆርቆሮ ሊያስቀይሩ የተነሱ ጎረቤቶች አሉኝ። ቀዳዳ የለም። የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ሌሊት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ውሃ ይሆናል። ኮርኒስ ከሌላችሁ አሠሩ። እስከዚያው ስታበስሉ መስኮት ክፈቱ፣ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አታስጡ።

ምድጃው ጋ ይሞቃል፣ ጀርባ ግን ይበርዳል

ሙቀት የሚያመልጠው በላይ፣ ብርድ የሚገባው በታች ነው። ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበትን ክፍተት ጭድ ባለው ጭቃ ሙሉት። በሩ ሥር አሸዋ የሞላ ጆንያ አጋድሙ። ለእሳቱ አየር የምታስገባዋን አንድ ቀዳዳ ግን አትንኩ፤ ከምድጃው አጠገብ ብትሆን ብርዱ እግራችሁን ሳይነካ ወደ እሳቱ ይገባል።

አመዱ ቀዝቅዞ ነበር፣ ግን ጆንያውን አቃጠለው

ረመጥ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀናት ሊቆይ ይችላል። በጆንያ፣ በካርቶን፣ በፕላስቲክ አታውጡት። ሁሉንም ጠርጋችሁም አታውጡ፤ ሁለት ጣት የሚያህል ከሥር ቢቀር ለቀጣዩ እሳት ፍም ይይዛል። የእኛ አመድ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ይወጣል። ከቤቱ ርቆ ድንጋይ ላይ አራት ቀን ይቀመጣል። ከዚያ እማዬ ጎመኑ መደብ ላይ ትበትነዋለች።