የማታ የሬዲዮ ውይይት ፕሮግራም ከከተማ ዳር ሆናችሁ እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

ይሄ ጽሁፍ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የሚተላለፍ፣ ስለ ወቅታዊ ጉዳይና ስለ ባህል የሚያወራ ፕሮግራም መስራት ለምትፈልጉ ነው። በተለይ ደግሞ አዲስ አበባ ዳር ለምትኖሩ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ አራብሳ፣ የትም ሁኑ። ስቱዲዮው መሀል ከተማ ነው፣ እናንተ ዳር ናችሁ፣ ይሄንን እንደ ችግር የሚያዩ አሉ። እኔ እንደ ጥቅም ነው የማየው። ለነገሩ የሀገራችን ሬዲዮ ራሱ የተጀመረው ከዳር ነው። በ1927 ዓ.ም የተመረቀው ጣቢያ የተተከለው አቃቂ ነበር።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙ። ማታ የሚደወልለት ቢሮ የለም። ወረዳው ተዘግቷል፣ የህዝብ ግንኙነት ኃላፊው ስልኩን አጥፍቷል፣ የሰማችሁትን ወሬ እውነት ነው ውሸት ነው የሚላችሁ ሰው እራት ላይ ነው። ስለዚህ የማታ ፕሮግራም የሰበር ዜና ቦታ አይደለም። ቀን የተጣራው ነገር ማታ ረጋ ተብሎ የሚወራበት ነው። ስራው የሚያልቀው ማይኩ ሳይከፈት ነው።

አድማጩን ለዩ

ምሽት 1 ሰዓት ላይ ያለው አድማጭ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ፣ ሹፌሩ የከፈተለትን የሚሰማ ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። የኮንዶሚኒየም ጥበቃ አለ። የሌሊት ሹፌር አለ። ለነገ ጠዋት ሊጥ የሚያቦካ ዳቦ ጋጋሪ አለ። ቀን መብራት ጠፍቶባት እንጀራዋን ማታ የምትጋግር እናት አለች፣ ስልኳን ምጣዱ አጠገብ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ነው የምትሰማው። ወይ እጃቸው ስራ ላይ ነው፣ ወይ ብቻቸውን ናቸው። ለነዚህ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ እንደቆማችሁ አትናገሩ። ለአንድ ሰው አውሩ። ጂንግላችሁም (የፕሮግራሙ መለያ ሙዚቃ) እንደ ጠዋቱ የሚያስደነግጥ አይሁን፣ ስንት ተለምኖ የተኛ ህጻን ቀስቅሳችሁ አድማጭ አታገኙም።

የአየር ሰዓትና ስፖንሰር

እዚህ ከተማ ኤፍ ኤሞች ላይ ከምትሰሟቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹን የሚሰሯቸው የጣቢያው ሰራተኞች አይደሉም። የአየር ሰዓት የሚገዙ ወይም የማስታወቂያ ገቢ ከጣቢያው ጋር የሚካፈሉ አዘጋጆች ናቸው። መጀመሪያ የምትጠየቁት ፕሮፖዛልና ናሙና ነው። ፕሮፖዛሉን አታርዝሙት፣ የሚፈረድባችሁ በናሙናው ነው። 15 ደቂቃ የሚሆን እውነተኛ ውይይት ቀድታችሁ ሂዱ። ዋጋ ላይም ተደራደሩ፣ የማታ ሰዓት ከጠዋቱ እኩል የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስፖንሰር ስትፈልጉ ቢራን እርሱት። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶታል። ባንክ ደጅ ከመጥናት ይልቅ አጠገባችሁ ያለውን እዩ። አዲስ ሰፈር ውስጥ የፊኒሺንግ እቃ የሚሸጠው፣ የቤት እቃ የሚሰራው፣ የግል ክሊኒኩ፣ የግል ትምህርት ቤቱ ሁሉ ደንበኛው እናንተን የሚሰማው ሰው ነው። ግን ትምህርት ቤቱ ስፖንሰር ሆኖ ሳለ ስለ ክፍያ ጭማሪ የምታወሩበት ማታ መምጣቱ አይቀርም። ስፖንሰሩ ይዘት ውስጥ እንደማይገባ ውሉ ላይ ከመጀመሪያው አስፍሩ። በቃል አይሆንም።

ርዕሱን አጥብቡት

"ትራንስፖርት" ርዕስ አይደለም። "ከመገናኛ ወደ አያት የሚሄደው ታክሲ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ነው ታሪፉን የሚያጥፈው?" ርዕስ ነው። የመጀመሪያው ላይ ሁሉም ሰው ያማርራል፣ ሁለተኛው ላይ ሁሉም ሰው የሚናገረው አለው።

ባህሉም እንደዚያው። ብዙ ፕሮግራም ወቅታዊውን ከፊት አድርጎ ባህልን መጨረሻ ላይ በአንድ ዘፈንና በአንድ ግጥም ይወትፈዋል። አትለያዩዋቸው። ለምሳሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ሲሞት ምን ይሆናል? ድንኳኑ የት ይተከላል? መኪና ማቆሚያው ላይ ከተተከለ መኪናዎቹ የት ይሂዱ? አራተኛ ፎቅ ላይ ለቅሶ የሚቀመጠው ሰው ስንቱን ለቀስተኛ ቤቱ ሊያስገባ ነው? ደግሞስ የትኛው እድር ነው የሚመጣው፣ የብሎኩ ወይስ የድሮው ሰፈር? ከልደታ ወይ ከካዛንቺስ ወጥቶ ዳር ከገባ በኋላ መዋጮውን አሁንም እዚያው የድሮ ሰፈሩ የሚከፍል ሰው ሞልቷል። ለእርድና ለጋራ ስራ ታስቦ የተሰራው ኮሚናል ደግሞ ሱቅ ሆኖ የተከራየበት ሳይት አለ፣ በበዓል ሰሞን ቅርጫው ደረጃ ስር ነው የሚከፋፈለው። ይሄ ወቅታዊ ጉዳይ ነው ወይስ ባህል? ሁለቱንም ነው። የሁለት ሰዓት ወሬ ሞልቶበታል።

ጠንቀቅ የሚባልበትም ርዕስ አለ። በ2011 ዓ.ም የኮዬ ፈጬ ቤቶች እጣ ሲወጣ የተነሳውን ተቃውሞ አስታውሱ። እዚህ ዳር ላይ መሬትና ቤት የሰው ቁስል ነው። አትንኩት አልልም፣ እንዲያውም እናንተ ካልነካችሁት ማን ሊነካው ነው። ግን መሬቱ የተወሰደበት ገበሬና ዓመታት ቆጥቦ እጣ የወጣለት ሰው ሁለቱም በቀረጻ ቀድመው ይናገሩ። ያንን ሳትይዙ ማታ ስልክ ከፍታችሁ "እስቲ ምን ትላላችሁ" ማለት እሳት መጫር ነው።

ቀን ቅዱ፣ ቀን አጣሩ

ቢሮ የምትደውሉት ጠዋት ይሁን። መልስ ካላገኛችሁ ማንን፣ በየትኛው ቀን እንደጠየቃችሁ ጻፉና እሱኑ አየር ላይ ተናገሩ። "ሊያነጋግሩን ፈቃደኛ አልሆኑም" ብቻውን ምንም አይናገርም።

ለቀረጻ ውድ እቃ አያስፈልግም፣ ጥሩ ስልክና አንድ አንገት ላይ የሚሰካ ማይክ ይበቃል። ቦታው ነው ወሳኙ። ካፌ አትቅዱ፣ የማኪያቶ ማሽኑ ቃለ ምልልሱን ይበላዋል። አዲስ ቤት ባዶ ሳሎን ውስጥም አትቅዱ፣ ያስተጋባል። አልጋና መጋረጃ ያለበት መኝታ ቤት ይሻላል፣ ባለቤቱ ካላፈረ። ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት። ወሬው ካለቀ በኋላ ሰላሳ ሰከንድ ያህል ዝም ብላችሁ የክፍሉን ድምጽ ቅዱ፣ ኤዲት ስታደርጉ የተቆረጠው ቦታ እንዳይታወቅ ይረዳችኋል። ጄኔሬተር፣ ውሻ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምጽ ማጉያ መኖሩ አይቀርም። ጀርባ ላይ ትንሽ ቢሰማ አትጨነቁ፣ ሰፈሩ ነው የሚሰማው። ቃሉን ከሸፈነው ግን ጠብቁና ድገሙት።

እንግዳ ስትጠሩ

ሰበታ ወይም ለገጣፎ የሚኖር ሰው ማታ 3 ሰዓት ስቱዲዮ ና ብትሉት "እሺ" ይላችኋል፣ ከዚያ ይቀራል። ይሉኝታ ነው፣ አትቀየሙት። መሄጃውንና መመለሻውን እናንተ እንደምትሸፍኑ መጀመሪያ ንገሩት፣ ካልሆነ ቀን ሄዳችሁ ቅዱት፣ ማታ ደግሞ ለአስር ደቂቃ በስልክ ይግባ። ውጭ ሀገር ላለ እንግዳ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት። የኛ የምሽት 3 ሰዓት ዋሽንግተን ላይ እንደወቅቱ በነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፣ "3 ሰዓት" ብቻ ብሎ ቀጠሮ መያዝ ጣጣ ያመጣል።

ጥያቄዎቹን ሙሉ በሙሉ አትስጡት። ርዕሱንና የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ስጡት። ሁሉንም ካገኘ መልሱን ጽፎ ይመጣና ያነብላችኋል።

ሁለቱን ሰዓት ስትከፋፍሉ

ከማስታወቂያና ከጣቢያው ዜና ሌላ በእጃችሁ የሚቀረውን ደቂቃ ከቴክኒሻኑ ጋር ቁጠሩ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በምስጋና አትጨርሱ፣ ቀን ከቀዳችሁት ውስጥ አንድ ጠንካራ ድምጽ አስቀድማችሁ ልቀቁ፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይድረስ። ቀጥሎ ውይይት፣ ከዚያ ስልክ። ስልኩን በመጀመሪያው ሰዓት አትክፈቱ፣ ሰው ሳይሰማ የሚደውል ነገር ይደጋግማል። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሆን የተቀረጸ ነገር ሁልጊዜ በተጠባባቂነት ይኑራችሁ። ስቱዲዮው ጄኔሬተር ቢኖረውም የእንግዳው ሰፈር መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ስልኩ

ፕሮግራሙን የሚያነሳውም የሚጥለውም ይሄ ነው። መስመሩን አቅራቢው ራሱ አያንሳ። ሌላ ሰው ውጭ ሆኖ ይቀበል፣ ሶስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ማን ይባላሉ፣ ከየት ነው፣ ምን ሊሉ ነው። "ሬዲዮኑን ይቀንሱ" የሚለውም እዚያው ይለቅ፣ አየር ላይ ሲባል ስንት ጊዜ እንደሰማችሁ ታውቃላችሁ።

ሰላምታው ሌላ ጉዳይ ነው። የኛ ሰው "እንዴት አመሻችሁ፣ ፕሮግራማችሁን በጣም ነው የምወደው፣ ለእናቴና ለጓደኞቼ" ሳይል ወደ ነገሩ አይገባም። ሙሉ በሙሉ አትቁረጡት፣ ያስከፋል፣ የሚሰማውንም ይሻክረዋል። አንድ ዙር መልሱለትና በስሙ ጠርታችሁ ጥያቄውን ራሳችሁ አንሱለት፦ "አቶ እከሌ፣ ድንኳኑን የት ተከላችሁት?" እንዲህ ከተጠየቀ ይገባል። ድምጹ ወጣት ቢመስላችሁም "እርስዎ" በሉ፣ ራሱ "አንተ በለኝ" ካለ ሌላ ነገር ነው።

ደዋዩ ሰው በስም ጠርቶ መክሰስ ከጀመረ አቋርጡት። በትህትና፣ ግን ወዲያው። "ስም ሳይጠሩ የደረሰብዎትን ይንገሩን" በሉት። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ 1238/2013 አለ፣ የጥላቻ ንግግር አዋጁ 1185/2012 አለ፣ ሁለቱንም አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ብሔር ወይም ሃይማኖት ላይ የሚሳደብ ከመጣ ድርድር የለም፣ ቴክኒሻኑ መስመሩን እንዲዘጋ የእጅ ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከዘጋችሁት በኋላ ምን እንደተፈጠረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለአድማጩ ንገሩና ቀጥሉ። ንግግር አታድርጉበት።

የማይደውለውንም አስቡ። ጥበቃው ካርድ የለውም፣ ጋጋሪዋ እጇ ሊጥ ነው። የቴሌግራምና የአጭር መልዕክት አስተያየቶችን የሚመርጥ ሰው ይኑራችሁ፣ ቀን ሰፈር ውስጥ ከቀዳችኋቸው ሰዎችም ሁለት ሶስት ድምጽ በደዋዮቹ መሀል ጣል አድርጉ። ያለዚያ በየማታው የሚደውሉት እነዚያው የታወቁ ሰዎች ፕሮግራሙን ይወርሱታል።

5 ሰዓት ሲሆን

የተሳሳተ ነገር ከተባለ በሚቀጥለው ፕሮግራም በዚያው ሰዓት አርሙት፣ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ። ሙሉ ቅጂውን አስቀምጡ፣ ቅሬታ ሲመጣ የምትመልሱት በሱ ነው። ከውስጡ ጥሩውን አሥር ደቂቃ ቆርጣችሁ ቴሌግራም ላይ ጫኑ፣ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚሰማው አለ።

መመለሻችሁን ደግሞ በጀቱ ውስጥ አስገቡ። ከ5 ሰዓት በኋላ ወደ ዳር የሚሄድ ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው፣ በየማታው ራይድ ከጠራችሁ ደግሞ የስፖንሰሩ ብር መንገድ ላይ ያልቃል። በናንተ አቅጣጫ የሚኖር አንድ ባለ መኪና በወር ተኮናተሩ። ከቴክኒሻኑ ጋር አንድ መስመር ከሆናችሁ ሂሳቡን ተካፈሉ።