የሞተ ጥርስ፣ ያላለቀ ሥር

የስምንት ዓመት ልጅ ሲሮጥ ወድቆ የፊት ጥርሱን ይመታል። ሁለት ቀን ያመዋል፣ ከዚያ ይረሳል። ከወራት በኋላ እናቱ ከጥርሱ በላይ፣ ድዱ ላይ፣ ብጉር የምታክል እብጠት ታያለች። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይነቀልለት?» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አይነቀልም» ነው፤ ይህ የወተት ጥርስ አይደለም፣ ተተኪ የለውም። በስድስት ዓመት ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋም እንዲሁ ነው። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ብቅ ስለሚል ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለውና ሲቦረቦር ዝም ብሎ ያየዋል።

ጥርሱ ጠቁሯል፣ ግን አያምም

ቀለም ብቻውን የሞት ማስረጃ አይሆንም፤ በምቱ ጊዜ ውስጥ ለውስጥ የፈሰሰ ደምም ያጠቁራል። ቅዝቃዜ አለመሰማቱም አይበቃም፤ የልጅ ጥርስ ነርቭ ገና ስላልጎለመሰ ጤነኛው እንኳ ላይሰማው ይችላል። የሥሩ ጫፍ ገና ያልተዘጋ ጥርስ ደግሞ አንዳንዴ የደም ዝውውሩን ራሱ ይመልሳል። ስለዚህ ከጎኑ ካለው ጥርስ ጋር ማነጻጸር፣ ራጅ ማንሳት፣ ከሳምንታት በኋላ መድገም። ለመክፈት የቸኮለ እጅ ሊድን የሚችለውን ጥርስ ይገድላል።

ብጉሩ ይመጣል፣ ይጠፋል

እዚህ ላይ ግን ትዕግሥት አይሠራም። ነርቭ የምንለው የጥርሱ ውስጠኛ ሥጋ ሞቶ መግል ይዟል፤ ሕመሙ የቀነሰው መግሉ መውጫ ስላገኘ ነው። ቤተሰብ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ይገዛል፣ ብጉሩ ይከስማል፣ ቆይቶ ይመለሳል። ይህ ሥጋ በሞተበት ቦይ (በሥሩ መሀል ያለው ቀዳዳ) ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ክኒኑ በየት በኩል ይድረስ? ፊት ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ግድ ነው፣ አንቲባዮቲክም ቦታ አለው። ፈውሱ ግን ቦዩን ከፍቶ ማጽዳት ነው።

ራጁ ላይ ሥሩ አጭር፣ ጫፉ ክፍት ነው

የነገሩ ቋጠሮ ይህ ነው። ቋሚ ጥርስ ከበቀለ በኋላ ሥሩ እስኪጠናቀቅ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ነርቩ በመካከሉ ከሞተ ሥሩ በደረሰበት ይቆማል፦ ግድግዳው ስስ፣ ጫፉ እንደ ጡሩንባ አፍ ሰፊ። የተለመደው የሥር ሕክምና እዚህ አይያዝም፤ መሙያው የሚያርፍበት ጠባብ ጫፍ ስለሌለ ወደ አጥንቱ ያልፋል። ግድግዳውን በመሣሪያ መፋቅም ይበልጥ ያሳሳዋል። ስለዚህ የሚያጸዳው ፈሳሽ ነው፦ 1.5 በመቶ የሆነ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (የበረኪና ዘመድ ነው፤ የቤቱን በረኪና ማንም እንዳይሞክር)፣ መርፌው ከሥሩ ጫፍ ሳይደርስ፣ በዝግታ።

ከዚያ ሦስት መንገድ አለ። የድሮው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለውን መድኃኒት በቦዩ ውስጥ እየቀያየሩ ጫፉ እስኪደፈን ወራት መጠበቅ ነው፤ ብዙ የቆየበት ሥር ግን ተሰባሪ ይሆናል፣ አንገቱ ላይ ይቀነጠሳል። ሁለተኛው ኤም ቲ ኤ የተባለው ሲሚንቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያው ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ በማህሙድ ቶራቢነጃድ የተዋወቀ ሲሆን፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ያህሉ ጫፉን በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ይደፍናል። ሥሩ ግን አያድግም። ሦስተኛው ከጸዳ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት መድኃኒት አስቀምጦ፣ አድሬናሊን በሌለው ማደንዘዣ አደንዝዞ፣ ከሥሩ ጫፍ ባሻገር ወግቶ ደም ወደ ቦዩ ማስገባትና በላዩ በሲሚንቶ መዝጋት ነው። የረጋው ደም ለአዲስ ሥጋ መደገፊያ ይሆናል፤ ሥሩ ሊረዝምና ሊወፍር ይችላል፣ ዋስትና ግን የለውም፤ የሚበቅለውም ብዙ ጊዜ እውነተኛው ነርቭ አይደለም። እኔ ሥሩ በጣም አጭር ለሆነ ልጅ ይህንን እመርጣለሁ። ሥሩ ሊያልቅ ለተቃረበ፣ ወይም ለክትትል መመላለስ ለማይችል ቤተሰብ ግን የሲሚንቶው ድፈና ይሻላል።

ከሕክምናው በኋላ ጠቆረ

ምክንያቱ በቦዩ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሚኖሳይክሊን የተባለ መድኃኒት ያለበት የአንቲባዮቲክ ቅልቅል ወይም ኤም ቲ ኤው ራሱ ነው። አስቀድሞ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድና ባዮዴንቲን በሚባለው ሲሚንቶ መተካት ይቻላል፤ ከጠቆረ በኋላም ከውስጥ ማንጣት አለ።

ራጅ በ6፣ በ12 እና በ24 ወር ይነሳል። የመጀመሪያውን ራጅ አትጣሉት፤ የሥሩ እድገት የሚለካው ከእርሱ ጋር ተስተያይቶ ነው። ብጉሩ ከተመለሰ ቀጠሮውን አትጠብቁ።