የካርታ ጥቅል ግንባታን ከሚና ጨዋታ ጋር አዋሕዶ አዲስ ጨዋታ መንደፍ

የመጫወቻ ካርታ ጥቅል እየገነቡ የሚጫወቱት ጨዋታና ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪክ የሚጫወትበት የሚና ጨዋታ ሁለቱም ስለ ዕድገት ናቸው፤ የሚለያዩት በዕድገቱ ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የዶናልድ ቫካሪኖ የካርታ ጨዋታ ዶሚኒየን ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደካማ ካርታዎች ይሰጣል፤ ከእነዚህ 7ቱ መናኛ ሳንቲሞች፣ 3ቱ ደግሞ ነጥብ እስኪቆጠር ድረስ ምንም የማይፈይዱ ርስቶች ናቸው። ተጫዋቹ ከዚያ ተነሥቶ ጥቅሉን ያጠናክራል፤ ጨዋታው ሲያበቃ ግን ሁሉም ፈርሶ በሚቀጥለው እንደገና ከመነሻው ይጀመራል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ከፈጠሩትና እ.ኤ.አ. በ1974 ከታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ወዲህ የመጡት የሚና ጨዋታዎች በአንጻሩ ገጸ ባሕርዩን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ቀስ በቀስ ያሳድጉታል። ሁለቱን ለማዋሐድ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ መፍታት ያለበት ይህን የፍጥነት ልዩነት ነው።

መነሻዎ ጥቅሉ ራሱ ገጸ ባሕርዩ እንዲሆን መወሰን ይሁን። የገጸ ባሕርዩን ችሎታዎች በወረቀት ላይ ዘርዝሮ ካርታዎችን ለውጊያ ብቻ ማዋል ተጫዋቹን ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ እንዲጫወት ያስገድደዋል፤ ይህም ሁለቱንም ያደክማል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ሊጽፉት ያሰቡትን እያንዳንዱን ነገር ወደ ካርታ መቀየር ይቻል እንደሆነ ይመርምሩ። ከጥቅሉ ውጭ ሊቀሩ የሚገባቸው ቁጥሮች ሁለት ብቻ ናቸው ብዬ አምናለሁ፦ ተጫዋቹ በየዙሩ የሚስባቸው ካርታዎች ብዛትና እነርሱን ለመጠቀም የሚያወጣው ጉልበት።

የመነሻ ጥቅሉን በ10 ካርታዎች ያዘጋጁ። ስድስቱ ለሁሉም ተጫዋች የጋራ ይሁኑ፤ ሦስቱ አዳኙን ከሐኪሙ፣ ሐኪሙን ከሰላዩ የሚለዩ የሙያ ካርታዎች ይሁኑ፤ የቀረውን አንዱን ተጫዋቹ ራሱ ከገጸ ባሕርዩ ታሪክ አውጥቶ ይሰይመው። ይህ የመጨረሻው ካርታ ለምሳሌ ለሟች ወንድም የተገባ ቃል ሊሆን ይችላል። ኃይሉ ትንሽ ቢሆንም ከጥቅሉ እንዳይወጣ ይከልክሉ፤ በየጊዜው በእጅ ላይ ሲገኝ ታሪኩን ያስታውሳልና።

አሁን ወደ ዕድገቱ እንምጣ፤ ንድፉ የሚጸናውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ዕድገቱን በሁለት ንብርብር ይክፈሉት። በአንድ ክፍለ ጨዋታ፣ ማለትም በአንድ የታሪኩ ምዕራፍ ውስጥ የሚገኙ ካርታዎች፣ ማለትም የተገኙ ዕቃዎች፣ የአጋጣሚ ረዳቶችና አላፊ ኃይሎች በብዛት ይምጡ፤ ክፍሉ ሲያበቃ ግን ይመለሱ። በቋሚነት የሚቀሩት ገጸ ባሕርዩ በጨዋታው በሚያገኘው የልምድ ነጥብ የሚገዙ አንድ ወይም ሁለት ካርታዎች ብቻ ይሁኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአርካም ሆረር የካርታ ጨዋታ በልምድ ነጥብ ጥቅልን ማሻሻልን በክፍሎች መካከል የሚፈጸም ተግባር ያደረገው በዚሁ መንገድ ነው።

ካርታ መጨመር ብቻውን ዕድገት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። አንድ ጠቃሚ ካርታ 2 ቅጂ ቢኖረውና ተጫዋቹ 5 ካርታ ቢስብ፣ ጥቅሉ 10 ካርታ ሲሆን ቢያንስ አንዱን በመጀመሪያው እጁ የማግኘት ዕድሉ 78 በመቶ ገደማ ነው፤ ጥቅሉ 20 ሲደርስ ይኸው ዕድል ወደ 45 በመቶ ይወርዳል። ይህ ማለት ብዙ የተማረ ገጸ ባሕርይ ዋና ሙያውን ይበልጥ እየረሳ ይሄዳል ማለት ነው፤ ለሚና ጨዋታ ደግሞ እንዲህ ያለ ውጤት ፈጽሞ አይመጥንም። መፍትሔው ደረጃ በጨመረ ቁጥር አንድ የመነሻ ካርታ ማውጣትን ወይም በተሻለ መተካትን ደንብ ማድረግ ነው። ተጫዋቹ የሚያወጣውን ካርታ ሲመርጥ ገጸ ባሕርዩ ምን እንደተወ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ይጠይቁት፤ ደንቡና ትረካው በአንድ ድርጊት የሚገናኙት በዚህ ነው።

ጉዳትንም በካርታ ይግለጹ። በቭላዳ ህቫቲል ጨዋታ በሜጅ ናይት ቁስል እጅን የሚያጣብብ ከንቱ ካርታ ሆኖ ይመጣል፤ የሕይወት ነጥብ ከመቀነስ ይልቅ ይህ መንገድ ሕመሙን በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ ያሳርፈዋል። ቁስል በዕረፍትና በሕክምና ብቻ እንዲወጣ ካደረጉ ሐኪሙም በቡድኑ ውስጥ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። ዕዳን፣ ፍርሃትንና የተጣሰ መሐላንም በዚሁ ደንብ ማስተናገድ ይቻላል።

ለፈተናዎች ዳይስ ይጣል ወይስ ካርታ ይሳብ የሚለው የምርጫ ጉዳይ ነው። የአይዛክ ቺልድረስ ጨዋታ ግሉምሄቨን የጥቃትን ውጤት የሚወስነው የምቱን ኃይል ከፍ ወይም ዝቅ በሚያደርግ 20 ካርታ ባለው ጥቅል ሲሆን፣ ተጫዋቹ ደረጃ ሲያድግ መጥፎዎቹን ካርታዎች ማስወገድ ይችላል። የተሳበ ካርታ ጥቅሉ እንደገና እስኪበወዝ ድረስ ስለማይመለስ ክፉ ዕድል በተከታታይ የሚመታበት ጊዜ ያጥራል፤ እኔም ካርታውን እመርጣለሁ።

የሚና ጨዋታ ትልቁ ሀብት ተጫዋቹ ያሰበውን ሁሉ መሞከር መቻሉ በመሆኑ፣ በእጁ ተስማሚ ካርታ ስለሌለው ብቻ በር እንዳይገፋ ወይም እንዳይለምን መከልከል የለበትም። ስለዚህ ማንኛውም ካርታ ተገልብጦ ቢጣል ለማንኛውም ድርጊት 1 ነጥብ እንዲሰጥ ይፍቀዱ። ድርጊቱ ከካርታው ስም ጋር የሚሄድ መሆኑን ተጫዋቹ በንግግሩ ካሳመነ ደግሞ ታሪኩን የሚመራውና የሚዳኘው ጨዋታ መሪ 2 ይስጠው።

ካርታ ከማሳተምዎ በፊት በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ በእጅ ጽፈው ይሞክሩ፤ ጠላቶችንም በሒሳብ ይመዝኑ። ከ10 ካርታዎች 4ቱ እያንዳንዳቸው 3 ጉዳት የሚያደርሱ ምቶች ከሆኑና ተጫዋቹ በየዙሩ 5 ስቦ ሁሉንም መጠቀም ከቻለ፣ በሁለት ዙር በትክክል 12 ጉዳት ያደርሳል፤ 18 የሕይወት ነጥብ ያለው ጠላትም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር ይወድቃል። በሙከራው ወቅት ማንም ያልገዛውን ካርታና ሁሉም የገዛውን ካርታ ለይተው ይመዝግቡ፤ ዋጋቸውን መጀመሪያ ማስተካከል ያለብዎት የእነዚህን ነው።